አሥራ ሁለት ደረጃ ወደ ታች

«የለም» የሚባለው ቃል ከሠላሳ ዓመት በላይ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ለጉራ አይደለም፤ ጉራ ብፈልግማ አርባ እል ነበር።

መርካቶ ውስጥ ክር፣ ዚፕ፣ ቁልፍና የኮት ገበር የምሸጥበት ሱቅ አለኝ። ስፋቱ ከስታዲየም ትንሽ ቢያንስ ነው፤ ሁለት ደንበኛ አንድ ላይ ከገባ ግን አንዱ ውጭ መቆም አለበት። እዚህ መጥቶ «ብርቱካንማ ዚፕ አለ?» የሚለኝ ሰው መልሱ አንድ ነው። «አለ፣ አረፍ በል።» ከዚያ ወይ ከመደርደሪያዬ አወርዳለሁ፣ ወይ ፊት ለፊት ካለው ከሙናዊር ሱቅ ብድግ አድርጌ አመጣለሁ። ሙናዊር ከሌለው እሱ ደግሞ ከሌላ ያመጣልኛል። ደንበኛው ዕቃው ስንት ሱቅ ዞሮ እንደመጣ ሳያውቅ አመስግኖ ይሄዳል።

የረድፋችን የመጀመሪያ ሕግ ይኸው ነው፤ የለም አይባልም። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ ጎረቤትህ ለደንበኛ የተናገረውን አታፈርስበትም። እኔ «ይህ ዚፕ የጃፓን ነው» ካልኩ፣ ሙናዊር ሲጠየቅ «የጃፓን ነው፤ እንዲያውም ከኮንቴይነሩ ሲወርድ እዚያው ነበርኩ» ማለት አለበት። ዝም ብሎ ማጽደቅ አይበቃም፤ አንድ ነገር ይጨመርበታል። እኔም ለእሱ ብዙ ኮንቴይነር ሲራገፍ አይቻለሁ።

ይህን ሁሉ የማወራው ልጄ ኢክራ ይህን ሕግ ስለማታውቅ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሱቅ ውስጥ እንዳትውል፣ እንድትማር ብዬ አርቄ አሳደግኋት።

ኢክራ የምትማረው አይ ቢ የሚሉትን ነው። ለማያውቅ ላስረዳ። የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት የሚማሩት ትምህርት ነው፤ ሥርዓቱ የወጣው ውጭ አገር፣ ፈተናው የሚታረመውም ውጭ አገር፣ በዲፕሎማው የዓለም ዩኒቨርሲቲ ሁሉ በሩን ይከፍታል። እሷ ተፈትና ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝታ ነው የገባችው። እኔ ለሰፈሩ ስናገር ትምህርት ቤቱ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኮብኛል። በአፍሪካ ይህን የሚማሩት አራት ልጆች ናቸው ብያለሁ። ጋሽ ሀብተ ወልድ፣ ጥግ ላይ ቁልፍ የሚጠግኑት ሽማግሌ፣ «ሌሎቹ ሦስቱስ የማን ልጆች ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ። «የፕሬዚዳንቶች» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቤታችን ተክለ ሃይማኖት ነው፣ ሁለት ክፍል። እናቷ ሱሀይር የሞተችው ኢክራ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ነው። ስለ እሷ አላጋንንም።

ትምህርት ቤቱ ከተማው ማዶ ስለሆነ ልጄ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በአውቶቡስ ትሄዳለች። ስትመለስ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አለ፣ ዓይኗ ላይ ኮምፒውተር አለ። እራት ላይ እኔ አወራለሁ፣ እሷ ታነባለች። አልፎ አልፎ ስትመልስልኝ ደግሞ ጥያቄ ነው የምትመልስልኝ፤ የዕውቀት ንድፈ ሐሳብ የሚባል ትምህርት አላቸው፣ አንድ ነገር እንዴት እንደሚታወቅ የሚጠይቅ።

«ነገ ይዘንባል» አልኳት አንድ ቀን።

«በምን አወቅክ?»

«ጉልበቴ ነገረኝ።»

«ጉልበት ምንጭ አይሆንም አባ።»

በማግስቱ ዘነበ። ማታ ልነግራት ጠብቄ ነበር፤ ማዳመጫውን አላወጣችም። ከቴሌቪዥኑ ዜና አንባቢ ጋር ሳወራ አመሸሁ። ደህና ሰው ነው፤ አያቋርጥም።

ያ ድርሰት የመጣው በዚህ መሐል ነው። አይ ቢ ተማሪውን ሳይሸኝ እስከ አራት ሺህ ቃል የሚደርስ ጥናት ያጽፈዋል። ጥያቄውን ራሱ ይመርጣል፣ ምንጩን ራሱ ይፈልጋል፣ አንድ መምህር ከጎን ሆኖ ይከታተለዋል። ይህ ጽሑፍ ከወደቀ ሌላው ትምህርት ሁሉ ሰማይ ቢነካ ዲፕሎማው አይሰጥም። ኢክራ ታሪክ መረጠች። በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ክር ከገበያ ሲጠፋ የመርካቶ ክር ነጋዴዎች እንዴት ሱቃቸውን ሳይዘጉ ቆዩ የሚል ነው ጥያቄዋ። ሱቁ ያኔ የአባቴ የጃፋር ነበር።

«ዋናው ምንጭ አንተ ነህ» አለችኝ።

በሃምሳ አንድ ዓመቴ ዋና ምንጭ ሆንኩ። በማግስቱ ከራጉኤል እስከ አንዋር መስጊድ ያልሰማ የለም።

በጥቅምት የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከዙሁር በኋላ ሱቅ መጣች። የዚፕ ካርቶን ላይ ተቀመጠች፣ ስልኳን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች፣ ቀዩን ክብ ነካችው።

«ስምህንና ዕድሜህን ተናገር።»

«አታውቂውም እንዴ?»

«ለቀረጻው ነው አባ።»

«ባህረዲን ጃፋር። ሠላሳ አምስት ዓመት።»

«አባ።»

«እሺ ሃምሳ አንድ። ሲያዩት ግን ሠላሳ አምስት ይመስላል ብለሽ ጻፊበት።»

አልጻፈችውም፤ ግን ከንፈሯ ትንሽ ፈገግ አለ። ስለ አያቷ ጠየቀችኝ፣ ከስልጤ መጥቶ ሱቁን እንደከፈተ ነገርኳት። ክር በጠፋበት ዓመት የልብስ ሰፊዎቹ ሁሉ ክር የሚያገኙት ከእሱ እንደነበር ነገርኳት።

«እሱ ከየት አገኘው?»

«አባቴ ብልህ ሰው ነበር።»

«እንዴት ማለት?»

«በጣም ብልህ።»

ጠበቀችኝ። ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ጎረቤቶቼን ጠይቁ። እውነተኛውን መልስ አውቀዋለሁ፤ ለሱሀይር እንኳ ነግሬያት አላውቅም። ስልኩ ላይ ስድስት ደቂቃ ይላል።

«እሺ፣ ይበቃኛል መሰለኝ» አለችና እጇን ወደ ስልኩ ዘረጋች። ቦርሳዋን ከፈተች። የቦርሳዋን ዚፕ እኔ ነኝ የቀየርኩላት። በሁለት ዓመት ውስጥ ልጄ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ስድስት ደቂቃ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ እና እያለቀ ነበር።

«ስለ ምድር ቤቱ ነግሬሽ አውቃለሁ?» አልኳት።

እጇ ቆመ። «የቱ ምድር ቤት?»

«ከዚህ ከእግራችን ሥር ያለው። አሥራ ሁለት ደረጃ ወደ ታች።»

መልሳ ተቀመጠች።

ዘጠኝ ቅዳሜ መጣች። በየቅዳሜው አንድ ደረጃ እወርድ ነበር። መጀመሪያ አባቴ እንዴት ሌሊት ሌሊት እንደቆፈረው፤ ቀጥሎ አፈሩን በምን እንዳወጣው፤ ቀጥሎ የክሩ ጥቅሎች በቀለም በቀለም ተደርድረው፣ ቀዩ በዚህ፣ ሰማያዊው በዚያ። አራተኛው ላይ የቀበሌ ጥበቃዎች መጥተው በትክክል ከራሳችን በላይ ቆሙ፣ እኛ ከታች ትንፋሻችንን ዋጥን። «እንዴት ትተነፍሱ ነበር ግን?» ብላ ስትጠይቀኝ በአምስተኛው ቅዳሜ የአየር ማስገቢያ ሠራሁለት። መሐንዲስ ብሆን ይህች ከተማ ሌላ ከተማ ትሆን ነበር።

ሳምቡሳ ይዛ ትመጣ ጀመር፣ ሁለት ለእኔ፣ ሁለት ለእሷ። በእርሳስ የምድር ቤቱን ንድፍ ሣለችና «እንዲህ ነው?» ብላ ወደ እኔ አዞረችው። «መደርደሪያው ትንሽ ወደ ግራ» አልኳት። በላጲስ አጥፍታ ወደ ግራ አዛወረችው። አንዴ፣ ጥበቃው ማስነጠሱን ስነግራት፣ ሳቀች። እናቷ እንደምትስቀው፣ መዳፏን አፏ ላይ አድርጋ።

ይህ ነገር የት ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም ብል ዋሸሁ። እሑድ አስበዋለሁ። ሰኞም። ቅዳሜ ሲቃረብ ይጠፋኛል።

ዘጠነኛው ቅዳሜ ላይ ስልኳን ይዛ ግን አልተቀመጠችም። መምህሯ አንድ ምንጭ አይበቃም፣ ሌሎች ሰዎችንም ጠይቂ ብሏታል። በራችን ላይ ቆሜ ወደ ሙናዊር ስትሻገር አየኋት። መንገዳችን ጠባብ ናት፤ እዚህ ያዛጋህ እንደሆነ እዚያ ማዶ አፋቸውን ይሸፍናሉ። ሁሉንም ሰማሁ።

«ጋሼ ሙናዊር፣ አያቴ ምድር ቤት ነበረው፤ ያውቁታል?»

ሙናዊር ከትከሻዋ በላይ አየኝ። ጆሮዬን አከክሁ። ሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ነው፤ ሌላ ምልክት አላስፈለገውም።

«የጃፋርን ምድር ቤት? እንዴት አላውቀውም ልጄ። ወርጄበታለሁ እኮ።»

«ስንት ደረጃ ነበረው?»

«አሥራ አራት።»

«አባዬ አሥራ ሁለት ነው ያለኝ።»

«እሱ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ዘሎ ነው የሚወርደው።»

ጻፈችው። ከእሱ ሱቅ አጠገብ ገበር ወደሚሸጡት ወደ እትዬ ሠርኬ አለፈች። እትዬ ሠርኬ ደረጃ የሚባል ነገር እንዳልነበረ፣ መሰላል እንደነበር፣ ኩራዝ ይዘው ሲወርዱ የቀሚሳቸው ጫፍ እንደተቃጠለ ተናገሩ። ጋሽ ሀብተ ወልድ የያዙትን ቁልፍ አስቀምጠው በመጀመሪያ የጠየቁት አንድ ነገር ነው።

«ማን ነው አለ ያለሽ?»

«አባዬ።»

«እንግዲያው አለ» አሉ። «እንዲያውም በወዲያ በኩል ራጉኤል ግቢ ድረስ ይወጣል። ክረምት ላይ እኔ ቅዳሴ የምሄደው በእሱ ነበር፤ ጠብታ አይነካኝም።»

ሊመሽ ሲል ሱቅ ስንዘጋ ሙናዊር ተሻግሮ መጣ።

«ባህሩ፣ ዛሬ ሙሉ ምድር ቤት ሸጥኩልህ።»

«አላህ ይስጥህ።»

«ልጅቷ ጎበዝ ናት። ዓይኗን አፍጥጣ ነው የምትሰማው።» ቁልፉን በጣቱ አዞረ። «በእኔና በአንተ መሐል ግን፣ ምድር ቤቱ አለ እንዴ?»

«አለ» አልኩት።

ወለሉን አየ፣ እኔን አየ፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ሄደ። ቤት ስገባ ኢክራ እየጻፈች ነበር። «አባ» አለች ቀና ሳትል፣ «ሁሉም ያውቁታል እኮ።» ድምፅዋ ውስጥ ኩራት ነበረ። ያን ማታ ከዜና አንባቢው ጋር አላወራሁም።

ታኅሣሥ ገብቶ ሰኞ ቀን ልጄ የደንብ ልብሷን እንደለበሰች በቀጥታ ሱቅ መጣች። ፊቷ ተለዋውጧል። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«አባ፣ ፕላስቲክ ምንጣፉን እናንሳው።»

«ምን ሆነሽ ነው?»

«መምህር ሙሉብርሃን ረቂቁን አነበበው። አራት ምስክር አራት ዓይነት ምድር ቤት ነው የነገረሽ አለኝ። ደረጃ፣ መሰላል፣ ዋሻ። ከራስሽ ፈጥረሽው ከሆነ ዛሬ ንገሪኝ አለኝ።»

«አንቺን?»

«እኔን። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ልጅ ያላደረገውን ቃለ መጠይቅ አደረግሁ ብሎ ተገኝቶ ዲፕሎማው ቀርቶበታል። ረቡዕ ይጠብቀኛል። እውነት መሆኑን ካላሳየሁት አይፈርምም፤ ካልፈረመ ጽሑፉ አይላክም።» ተንበርክካ የምንጣፉን ጫፍ ያዘች። «የመግቢያውን ፎቶ ብቻ አምጪ ነው ያለኝ። አንድ ፎቶ።»

አነሳነው። ከሥር ያለው ሲሚንቶ ነው፤ ግራጫ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አንድ ወጥ። መሐሉ ላይ ገና እርጥብ ሳለ የረገጠችው የአንዲት ድመት ዱካ አለ፤ አራት እግር። ልጄ በመዳፏ ዳበሰችው። ስንጥቅ ፈለገች።

«ተደፍኗል» አልኩ።

«መቼ?»

«ሰማንያ ሦስት።»

«ማን ደፈነው?»

«ሰዎች።»

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው። ዓመተ ምሕረቱን ከሥሩ አሰመረችበት። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ባዶውን ሲሚንቶ አራት ጊዜ ፎቶ አነሳችው፤ አንዱን የድመቷ ዱካ ላይ።

ረቡዕ አትምጣ ብላኝ ነበር። ሄድኩ። ሱሪዬን አስተኩሼ፣ የሠርግ ኮቴን ለብሼ፣ መንገዱን ሙሉ ምድር ቤቱን እንዴት እንደማድነው እያሰብኩ። የማዘጋጃ ቤት ወረቀት ነበረን፣ ተቃጠለ። የደፈነው መሐንዲስ ነበር፣ ሞተ። እስክደርስ ድረስ ለአንድ ሙሉ መጽሐፍ የሚበቃ ይዤ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ቤተ መንግሥት ያክላል። ይህ ማጋነን አይደለም፤ ማጋነኛ አጣሁለት። በመስታወት የተከበበች ትንሽ ክፍል ውስጥ ልጄና መምህሯ ተቀምጠዋል። መምህር ሙሉብርሃን ወጣት ነው፣ ትሁት። ተነስቶ ጨበጠኝ።

«አቶ ባህረዲን፣ እንኳን መጡ። ለኢክራ ያልኳትን ለእርስዎም ልበልዎት፤ እኔ ልጅቷን መክሰስ አልፈልግም። ግን ስሜን አስፍሬ ይህ የእሷ ሥራ ነው፣ እውነተኛ ነው ብዬ ነው የምልከው።»

«ይገባኛል» አልኩ። አየር ሳብኩ። የተቃጠለው ወረቀት ምላሴ ላይ ነበር።

ኢክራ ቀደመችኝ። እኔን ሳታይ፣ እሱን እያየች ነው የተናገረችው።

«መምህር፣ አባቴ ይጨምራል። አውቃለሁ። አንድ ዚፕ ከሸጠ አሥር ይላል። ደረጃው አሥራ ሁለትም አሥራ አራትም ላይሆን ይችላል፤ ስድስት ሊሆን ይችላል። ግን የሌለውን ነገር አለ ብሎ ለእኔ አይነግረኝም። ለደንበኛ ይላል። ለእኔ አይልም።»

መምህሩ ወደ እኔ ዞረ። «አቶ ባህረዲን፣ ምድር ቤቱ አለ?»

ቀላል ጥያቄ ነው። በቀን ሁለት መቶ ጊዜ የምጠየቀው ጥያቄ ነው፤ አለ ወይ። መልሱን አፌ ብቻውን ያውቀዋል።

«የለም» አልኩ።

ኢክራ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ምድር ቤት የለም። ኖሮም አያውቅም። ጎረቤቶቼም እኔን ላለማሳፈር ነው፤ ረድፋችን ላይ እንዲህ ነው የምንሠራው። ልጅቷ ምንም አልፈጠረችም። የፈጠርኩት እኔ ነኝ።»

ከመስታወቱ ውጭ ልጆች እየሳቁ አለፉ። መምህሩ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀኝ።

«ክሩስ? ክሩ ነበር?»

«ክሩ ነበር።»

«ከየት ይመጣ ነበር ታዲያ?»

ልጄ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቀዩን ክብ ነካችው። ፊቴን አላየችም።

ነገርኳቸው። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባቴ ማለዳ እህል በረንዳ እየሄደ ተሸካሚዎቹን የባዶ ጆንያ አፍ የተሰፋበትን ክር ይለምናቸዋል። ይለምናል ነው ያልኩት፤ እስከዚያን ቀን ድረስ ለራሴ እንኳ «ይገዛል» እያልኩ ነው የኖርኩት። ያንን ቁርጥራጭ በኮቱ ሥር ደብቆ ያመጣውና ለእኔ ይሰጠኛል። ባንኮኒያችን ከፊት በጣውላ የተዘጋ ነው። ከሥሩ እኔ አለሁ። ክሩን እፈታለሁ፣ እቀጥላለሁ፣ ባዶ ማጠንጠኛ ላይ እጠቀልላለሁ። ጥቁር ካስፈለገ ቤት ወስደን በቆርቆሮ ውስጥ ከቀለም ጋር እናፈላዋለን። ልብስ ሰፊው መጥቶ «ክር አለ?» ሲል አባቴ «አለ» ይላል። በእግሩ አንዴ ከመታ ነጭ ነው፣ ሁለቴ ከመታ ጥቁር። ጎንበስ ሲል እጁ ላይ አስቀምጥለታለሁ። ሰዎች በሌላው ሱቅ የታጣው ክር ከጃፋር ሱቅ ከሥር እየወጣ ያያሉ። ጃፋር ምድር ቤት አለው መባል የተጀመረው ያኔ ነው። ጋሽ ሀብተ ወልድም ይህንኑ ወሬ የሰሙ ይመስለኛል።

«ከጆንያ ነው ከተባለ ማንም አይገዛንም ነበር» አልኩ። «ስለዚህ ድምፅ ማሰማት አይፈቀድልኝም። ማሳል የለም። በጣውላው ስንጥቅ የማየው ጫማ ብቻ ነው፤ ሰውን ሁሉ በጫማው ነው የማውቀው። አንድ ቡኒ ጫማ ነበር፣ በየሐሙሱ የሚመጣ፣ በግራ በኩል የተጣፈ። ደስ ይለኝ ነበር ሲመጣ። ፊቱን አላውቀውም። ሁለት ዓመት እንደዚያ ነው።» ኮቴን አስተካከልኩ። «እንግዲህ ምድር ቤቱ እኔ ነበርኩ።»

መምህር ሙሉብርሃን ወጥቶ ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት አፉ ሳይፈታ ጎኑ ተቀዶ የተራገፈ አንድ የሩዝ ጆንያ ይዞ ተመለሰ። ሊያምነኝ ፈልጎ ይሁን ሊፈትነኝ አላወቅሁም። የአፉን ክር ያዘና ሳበ፤ ተቋጠረበት። መልሶ ሳበ፤ ባሰበት።

«በዚያ በኩል አይሆንም» አልኩት። «ነጠላው ስፌት ያለበትን ገጽ ወደ እርስዎ ያዙሩት። ከቀኝ ይጀምሩ። የመጀመሪያዋን ይቁረጧት፣ ሁለተኛዋን ብቻ ይሳቧት።»

ተቀበልኩትና ሳብኩት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ትርርር ብሎ ወጣ። ሳላስበው በሁለት ጣቴ ላይ ጠቅልዬው ነበር፤ ጣቶቼ አልረሱም። ኢክራ ጣቶቼን ታይ ነበር። ሕፃን ሳለች ጣቴ ላይ ያለው የክር ጠባሳ ምንድን ነው ስትለኝ ጅብ ነክሶኝ ነው ብያታለሁ።

መምህሩ የድምፅ ቀረጻዎቹ በሙሉ ስላሉ ቃለ መጠይቁን እንዳልፈጠረች ግልጽ ነው አለ። ሦስት ሳምንት ሰጣት፣ እንደገና እንድትጽፈው። የጎረቤቶቼንም ቃል እንዳትጥለው፣ ለምን ሁሉም አለ እንዳሉ እንድትጽፍበት መከራት። አመሰገንኩት። ኢክራ ጆንያውን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ወደ መርካቶ በታክሲ ስንመለስ በመስኮት በኩል ተቀመጠች። ማዳመጫዋን አላደረገችም፤ ብታደርገው ይቀለኝ ነበር። ተክለ ሃይማኖት ልንደርስ ስንል ነው የተናገረችው።

«ዘጠኝ ቅዳሜ» አለች።

«አዎ።»

«ይህን ያህል የሚነገር ነገር ነበረህ፤ ለምን የሌለውን?»

ብዙ ምክንያት መደርደር እችል ነበር። «ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ ልትከቺው ነበር» አልኳት።

ወደ መስኮቱ ዞረች። ወራጅ አለ ስል እጄን ይዛ አወረደችኝ፤ ወይ ደግሞ መንገዱ ጭቃ ስለነበር ነው።

የሚቀጥለው ቅዳሜ መጣች። ሳምቡሳ አልያዘችም። ስለ ጆንያው፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ እህል በረንዳ ጠየቀችኝ። የማላውቀውን አላውቅም አልኳት። አባቴ ለተሸካሚዎቹ በምላሹ ምን እንደሚያደርግላቸው ጠየቀችኝ፤ ምናልባት ኪሳቸውን ይሰፋላቸው ነበር፣ እርግጠኛ አይደለሁም አልኩ። «እርግጠኛ አይደለሁም» ብላ ጻፈችው። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ከዘጠኙ ቅዳሜ ሁሉ እውነቱ አጭር ሆነ።

ቦርሳዋን ከፈተች። ስልኩን አነሳች፣ ገና ግን አላጠፋችውም።

«ሌላ የቀረ ነገር አለ አባ?»

ነበረኝ። ምላሴ ሥር ተሰልፈው ይጠብቁ ነበር። በየሐሙሱ የሚመጣው ባለ ቡኒ ጫማው ሰው ማን እንደነበር ልነግራት እችል ነበር፤ ሦስት ቅዳሜ ይወጣው ነበር። አንዴ ብቻ «የዚያን ሰውዬ ነገር ነግሬሽ አውቃለሁ?» ማለት ነው።

«የለም» አልኳት።

ትንሽ ጠበቀችኝ። ከዚያ ቀዩን ክብ ነካችው፣ ዚፑን ዘጋችው፣ «እሺ አባ፣ ቤተ መጻሕፍት ነው የምውለው» ብላ ሄደች። እስከ አስፋልቱ ድረስ አየኋት፤ አንድ ጊዜ ጋሪ ጋረዳት፣ ጋሪው ሲያልፍ የለችም።

ጽሑፉ ተላከ። ግንቦት ላይ ተፈተነች፣ ሐምሌ ላይ ውጤቱ መጣ፣ ዲፕሎማዋን አገኘች። ለድርሰቷ የተሰጣት ቢ ነው። ለሰፈሩ ኤ ነው ብዬ ነበር፤ ከዚያ ከነከነኝና እየዞርኩ ቢ ነው አልኳቸው። ማንም አላመነኝም። ነሐሴ መጨረሻ ማሌዥያ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ጽሑፉን አትማ ባንኮኒው ላይ ትታልኝ ሄዳለች፤ እንግሊዝኛ ነው። የሚገባኝ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ስሜ ነው። በየእሑዱ ትደውላለች፤ ስድስት ደቂቃ፣ አንዳንዴ ሰባት። አየሩ እንዴት ነው እላታለሁ፣ ትነግረኛለች። እንዴት ነህ ትለኛለች፣ ደህና ነኝ እላለሁ። በምን አወቅክ አትለኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያው ቀዘቀዘ። አንድ ሳጥን ዚፕ ልፈልግ ባንኮኒው ሥር ገባሁ። ጣውላው ያው የድሮው ነው። ሰውነቴ የሦስት ሰው ስለሆነ መግባት አቃተኝ ልል ነበር፤ ገባሁ። ልኬ ነው። ጉልበቴን አቅፌ ተቀመጥኩ። በስንጥቁ ጫማ አለፈ፣ ሌላ ጫማ አለፈ። የሚቆም አልነበረም። ከዚያ አንድ ጥንድ የሴት ጫማ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ባለ ሱቁ የሉም እንዴ?» አለች ሴትዮዋ ወደ ማዶ።

ሙናዊር እኔን ማየት አይችልም። ከሰዓት ጀምሮም አላየኝም።

«አለ» አላት ወዲያው። «የት ይሄዳል እሱ። ምንድን ነው የፈለግሽው?»

«ነጭ ክር።»

ከአጠገቤ አንድ ጥቅል አነሳሁና እጄን ብቻ ወደ ላይ፣ ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁ። ትንሽ ጊዜ እጄ ባዶ አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ክሩን ተቀበለችኝ።

«በስመ አብ፣ አስደነገጡኝ ጋሼ» አለች። «ምድር ቤት አለዎት እንዴ?»

ምን እንደምላት አሰብኩ።

«አሥራ ሁለት ደረጃ» አልኩ።

«አሥራ አራት ነው» አለ ሙናዊር ከማዶ።

ሴትዮዋ ሒሳቡን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ስቃ ሄደች። ጫማዋ ከስንጥቁ እስኪጠፋ አየሁት። መውጣት ነበረብኝ፤ ትንሽ እዚያው ቆየሁ።